ሬንጅ የቀባሁት ቺንጋ

ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተሬን የገዛሁት አዳማ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ ነው። «ይሄ እንደ ሌሎቹ በካቴና አይደለም፣ በጎማ ቺንጋ ነው የሚሄደው። ግራሶ አይፈልግ፣ ዘይት አይፈልግ፣ ድምፁ እንኳ የለም» አለኝ። እኔ ሽንኩርትና ቲማቲም ስነግድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሻጭ ዕቃውን ሲያሞግስ መስማት ያለብህ ያልተናገረውን ነው እያልኩ ለስንቱ መክሬያለሁ። የራሴ ተራ ሲደርስ ግን የተናገረውን ብቻ ሰምቼ ገዛሁ። ያልተናገረው፣ ቺንጋ አስፋልት እንጂ ኮረኮንች እንደማይወድ ነበር።

የእኔ እንጀራ ደግሞ ያለው ኮረኮንች ላይ ነው። ቤቴ አዳማ ቢሆንም በቲማቲም ወቅት አዳሚ ቱሉ ክፍል ተከራይቼ እከርማለሁ፤ ከገበሬው ማሳ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ጠጠር በዚያ ሞተር እመላለስበታለሁ። ያልነዳው ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሁለት እግር ያለው ሞተር ጉድጓዱን ይሸሸዋል፣ መኪና ደግሞ በመሀል ያሳልፈዋል። ባለ ሦስት እግሩ ግን የፊቱን ጎማ ስታድን የኋላው ግራ ይገባል፣ ግራውን ስታድን ቀኙ ይገባል። ሦስት ጎማ ማለት በየትኛው ጎማ እንደምትገባ የመምረጥ መብት ነው፣ ሌላ አይደለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቺንጋው አቧራ ጠጥቶ መንሸራተትና መጮህ ጀመረ። መካኒክ ጋ አልሄድኩም። ያደግሁት ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው፤ ባለ ወፍጮው ቺንጋው ሲንሸራተትበት ሬንጅ በላምባ አለስልሶ በጨርቅ ይቀባው ነበር። ወፍጮውም ደህና ይሠራል። ከዚያ የተማርኩትን ትምህርት ቤት ከተማርኩት አስበልጬ ነበር የማየው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሬንጅ ፈልጌ፣ ላምባ ጨምሬ ሞተሬን ቀባሁት። አስፋልቱ ላይ ሞከርኩት፤ ጩኸቱ ጠፋ፣ ጉልበቱም ተመለሰ። መካኒክ ሁሉ ሌባ ነው ብዬ በኩራት ተኛሁ።

በማግስቱ አዴ ከቢሾፍቱ የሚመጣ ዕቃ ሊቀበሉ አዳሚ ቱሉ መናኸሪያ ወጥተው አገኘኋቸው። አዴ የምላቸው ቲማቲም የምገዛቸው እናት ናቸው፤ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የምትጠራው እንዲህ ነው። እሳቸው ደግሞ «ኢልማ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። በድርቁ ጊዜ የነበረቻቸው አንዲት የወተት ላም ሞተችባቸው። የቀሩትን ሁለት ፍየሎች ሸጠው ሁለት መቶ የአንድ ቀን ጫጩት አዘዙ፤ ወረፋው እስኪደርሳቸው አምስት ወር ጠበቁ። በእጃቸው ጭቃ አቡክተው የጫጩት ቤት ሠርተዋል። የዚያን ዕለት ጠዋት ከሰል አያይዘው፣ ቤቱን አሙቀው፣ ጎረቤት አደራ ብለው ነው የመጡት።

ጫጩቶቹን የጫነው ሚኒባስ ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሎ አራት ተኩል ሆነ። ጫጩቶቹ ጎንና ጎናቸው በተበሳ ሁለት ካርቶኖች ውስጥ ናቸው፤ ጩኸታቸው ጆሮ ይበሳል። አዴ አንድ ባለጋሪ ነግረው ነበር፤ ሰውየው ፈረሱን አቁሞ ይጠብቃል። መንደራቸው በኮረኮንቹ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ገባ ይላል፣ እኔም በዚያው በኩል ባዶዬን መሄዴ ነበር። ባዶ ካሶኒ ነጋዴን ያሳፍራል።

«አዴ፣ በጋሪ እስኪደርሱ እኮ ጫጩቶቹ እንቁላል ይጥላሉ!» አልኩ።

መናኸሪያው ሳቀ። ባለጋሪውም አብሮ ሳቀና «የእኔ ፈረስ ቺንጋ አይበጥስም» አለኝ።

«ቺንጋ ቢኖረውማ ይሮጥ ነበር!» አልኩት።

አዴ ፈረሱን አዩ፣ ሞተሬን አዩ፣ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ያሸነፍኩት በፀሐይዋ ነው።

«ቶሎ ታደርሰኛለህ፣ ኢልማ ኮ?»

«በአርባ ደቂቃ። ካልደረስን ምላሴ ይቆረጥ።»

ካሶኒው ውስጥ ተቀምጠው ካርቶኖቹን በሁለት ክንዳቸው አቀፉ። እኔም ወደ ጠጠሩ ገባሁ።

የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ሞተሩ አላሳፈረኝም። አዴ ጉድጓድ በገባን ቁጥር «ቀስ!» ይላሉ፣ ለእኔ ይሁን ለጫጩቶቹ አላውቅም። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጭቃ መከላከያው ላይ የሚመታ ጠጠር ነው አልኩ። ሰው የማይፈልገውን ድምፅ ሲሰማ ስም አያጣለትም። ግማሽ መንገድ ላይ «ጧ!» አለ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም።

ወርጄ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሬንጁ የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ለቅሞ ቺንጋው ላይ አጣብቆታል። አንዱ ድንጋይ በቺንጋውና በመዘውሩ መሀል ገብቶ ጥርሱን አርግፎ፣ መሀሉን በጥሶታል። ወፍጮ ቤት ውስጥ ጠጠር እንደማይበተን ያኔ ትዝ አለኝ። ያን መንገድ አስፋልት ያደረገው የለም፤ እኔ ግን ቺንጋዬን አስፋልት አድርጌዋለሁ።

«ምን ሆነ?» አሉ አዴ።

«ትንሽ ነገር ነው።»

ካቴና ቢሆን በሽቦም ይታሰራል። ቺንጋ ግን እንደ ተቆረጠ ተስፋ ነው፣ ቋጠሮ አይዝም። ጭነት የማስርበትን ላስቲክ ቆርጬ ቀጠልኩት፤ አሥር እርምጃ ሄዶ ተፈታ። እንደገና አሰርኩ፤ ለአምስት እርምጃ። ልግፋው ብዬ ትከሻዬን ሰጠሁት፤ ጠጠሩ ውስጥ ሰምጦ አልነቃነቅ አለ። ከተማ ላለ ባለ ባጃጅ ወዳጄ ደወልኩ።

«የት ነህ? እዚያ መንገድ ላይ? ወንድሜ፣ ባጃጄን መስበር ካማረህ እዚህ መጥተህ በመዶሻ ምታት!»

«እሺ ባለ ሞተር ሳይክል ፈልግልኝ። በአላህ!»

«እፈልጋለሁ» አለና ዘጋው። በእኛ ከተማ «እፈልጋለሁ» ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ለብዙ ሰው ብዬዋለሁ።

ያለንበት ሜዳ ዛፍ የለውም። ግራሩ ሁሉ ከሰል ሆኗል። ካርቶኖቹን ከካሶኒው ሥር፣ በጎማዎቹ መሀል አስገባናቸው፤ ሙቀቱ ግን ከመሬትም ይነሳል። አዴ ክዳኑን ሲከፍቱ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ። ሻሻቸውን ፈትተው ያራግቡላቸው ጀመር። እኔም ሸሚዜን አወለቅሁ። የነበረን ውሃ አንድ ጠርሙስ ነው። አዴ ጣታቸውን እየነከሩ በየአፋቸው ጠብታ ያደርጋሉ፤ እኔም በዚህ የቲማቲም ሣጥን በለመደ ወፍራም ጣቴ እንደዚያው። አንዱን ረድፍ ጨርሼ ስመለስ መጀመሪያ ያጠጣሁት አንገቱን ጥሏል።

«የሚመጣው ሰው የት ደረሰ?»

«እየመጣ ነው፣ አዴ።»

ይህን ሦስት ጊዜ ዋሸሁ። የበሰበሰ ቲማቲም «ለወጥ የሚሆን ነው» ብዬ ሸጬ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ዕድሜ ልኬን ምላሴ ያላሳመነው ሰው ጥቂት ነው። ፀሐይን በምን ላሳምናት? እጄን ዘርግቼ ጥላ ልሆንላቸው ሞከርኩ። አንድ ሰው ቆሞ የሚሰጠው ጥላ በስድስት ሰዓት ከጫማው አያልፍም።

ከሁሉ የከፋው ጩኸታቸው ነው። ጠዋት ጆሮ ይበሳ የነበረው ቀስ በቀስ ቀጠነ፤ አንደኛው ካርቶን ዝም አለ። አዴ የሞቱትን አልጣሉም። ቀሚሳቸው ጫፍ ላይ አንድ በአንድ ደረደሯቸው።

«ይስደቡኝ እንጂ» አልኳቸው።

«አንተን ብሰድብ ይተነፍሳሉ?»

ሸሚዜን አንስቼ ማራገቤን ቀጠልኩ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አቧራ አየሁ። ባለጋሪው ነው፤ ሥራው ስለቀረበት ወደዚያው መንደር ውሃ በጀሪካን ጭኖ መምጣቱ ነው። ስድቡን ልቀበል ተዘጋጀሁ፤ ቢሰድበኝ እወድ ነበር። ካርቶኖቹን አየ፣ የአዴን ቀሚስ አየ፣ ከዚያ ለእኔ «ጀሪካኑን አውርድ» አለኝ። አወረድኩ። ካርቶኖቹን ጋሪው ላይ ጫነ። ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክሮ በእንጨት ደግፎ ካርቶኖቹ ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋው፤ አዴን ደግፎ አወጣቸው። ለእኔ ቦታ አልነበረም።

«አንተ ውሃውን ጠብቅ» አለኝ።

ጀሪካኖቹ መሀል ተቀምጬ ጋሪው በዚያች የፈረስ እርምጃ ሲርቅ አየሁት። ጠዋት ተነስቶ ቢሆን ኖሮ በዚያችው እርምጃ ደርሶ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰ።

«ስንት ተረፉ?»

«ቤት ስንደርስ አርባ ሰባት። ከሰሉ አሁንም አልጠፋም። ጎረቤትየዋ እያራገበች ነበር።»

ውሃውን መልሰን ጫንን፤ እሱ መንደር አድርሶ ሲመለስ ሞተሬን ከጋሪው ጋር በገመድ አስሮ ወደ ከተማ ጎተተኝ። መግቢያው ላይ አንዱ «አያችሁ! ፈረሱ ቺንጋ ገባለት!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለጋሪው ወደ ኋላ አልዞረም።

በሳምንቱ ቢሾፍቱ ሄጄ ሁለት መቶ ጫጩት ልግዛ አልኩ። ወረፋው አምስት ወር ነው አሉኝ። ሰው ለመንኩ፣ ሰው አስለመንኩ፣ የማውቀውን የጓሮ በር ሁሉ አንኳኳሁ፤ ጫጩት ግን ሳይፈለፈል አይሸጥም። በአዴ ስም አስመዘገብኩና በዚያው ሰው ጋሪ ተሳፍሬ ልነግራቸው ሄድኩ።

የጫጩቱ ቤት ትልቅ ነው፣ ለሁለት መቶ የተሠራ። ከአርባ ሰባቱ የቀሩት ሠላሳ አንዱ አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። አዴ ሻይ ቀዱልኝ። ስለ ወረፋው ነገርኳቸው፣ «እሺ» አሉ። ከዚያ እሳቸው ጠየቁኝ፣ የታመመ ሰው እንደሚጠየቅ፦

«ሞተርህስ ዳነልህ?»

«አዲስ ቺንጋ ገባለት።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ፣ ከልባቸው። ሻዩን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።