የበር ሥሯ ቦታ

ባለፈው ቅዳሜ ጭሮ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች በመቀመጫ ተጣሉ። አንደኛው እኔ ነኝ...

በእኛ አገር ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ሽማግሌ የሚቀመጠው ወደ ውስጥ፣ ትራሱ ከበዛበት ነው። በር ሥር የልጅ እግር ቦታ ነው። እኔ ግን ከክረምት ወዲህ «ግድ የለም፣ እዚሁ ይበቃኛል» እያልኩ በር ሥር ዘፍ ማለት ጀምሬ ነበር። ሰው ሁሉ «አቤት ትሕትና!» ይላል።

የምን ትሕትና! ሽንቴ ነው። ይጠራኛል፣ እሮጣለሁ፣ ቆሜ ስለማመጠው ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል። ተመልሼ ሳልደላደል ደግሞ ይጠራኛል።

ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴን አስናቀችንም «ወገቤን አሞኛል» ብዬ ሳሎን መተኛት ከጀመርኩ ቆየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኛውም ነገር እንደ ድሮው አልሆን ብሎኝ ነበር። ካንሰር ቢሆንስ? ወንድነቴስ አብቅቶ ቢሆን? እሷ ደግሞ የጠላኋት መስሏት ማኩረፍ ጀምራለች...

እናላችሁ ቅዳሜ ስደርስ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ሐጂ ኡስማን ቀድሞኝ በር ሥር ተቀምጧል!

«ሐጂ፣ ተነስ እንጂ። ያንተ ቦታ ውስጥ ነው።»

«ወላሂ አልነሳም! አንተ ጃርሳ፣ ሽማግሌው አንተ ግባ። በዕድሜ ትበልጠኛለህ።»

«እኔ ነኝ አንተን የምበልጥህ? ጺምህን እይ!»

ቤቱ «ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው!» እያለ ሲያደንቀን፣ ሁለታችንም እኩል ብድግ አልን። ጓሮ ያለችው ሽንት ቤት ደግሞ አንዲት ናት። በሯ ላይ ተፋጠጥን።

«አንተም?» አለኝ።

«አንተም?» አልኩት።

ሳቅን... መሳቅ ራሱ ለእኛ አደገኛ ነበር።

ሰኞ ተያይዘን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ የልጅ ልጄን የምታክል ናት። ጓንት አጠለቀች። የቀረውን አልነግራችሁም፤ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ስንጥቅ ግን ጠይቁኝ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ደሙም አልትራሳውንዱም ከታየ በኋላ ጠራችኝ።

«አባባ፣ ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር አላየሁም። ፕሮስቴትዎ አብጦ የሽንቱን መንገድ አጥብቦታል። መድኃኒት አለው። ጫት ሽንትን ያስቸግራል፣ ይተዉት። ክትትሉንም እንዳያቋርጡ።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እና... ያኛውስ ነገር?»

ልጅት አላፈረችም። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

«ምንም አላበቃም፣ አባባ። እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ራሱ ይጎዳል። ካልተሻለዎትም ይንገሩኝ፣ እሱም ሕክምና አለው። ለእማማስ ነግረዋቸዋል?»

ቀና ብዬ ኮርኒሱን ማየት ጀመርኩ።

«እንግዲያው ከመድኃኒቱ በፊት እሱን ያድርጉ።»

ውጪ ሐጂ ቆሞ ይጠብቀኛል። የእሱም እንደኔው ነው። «አልሐምዱሊላህ» ሲል እኔም «ተመስገን» አልኩ።

ቤት ገብቼ ለአስናቀች አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩላት። አፍጥጣ አየችኝ።

«ይሄ ሁሉ በሽንት ነው? እኔ እኮ ሂርና ከተማ ሌላ ሴት ያስቀመጥክ መስሎኝ ስቃጠል ከረምኩ!»

«እኔን ማን ይወስደኛል?»

«እሱስ ልክ ነህ» ብላ ትራሴን ከሳሎን አንስታ መኝታ ቤት ወረወረችው። «በዚህ በዳሩ በኩል ትተኛለህ፣ በሩ ይቀርብሃል።»

በርጫውን ተሰናብቻለሁ። ይቺን የበር ሥር ቦታ ግን ሐጂ ኡስማንም አይሻማኝም!