ከበሩ ውጭ የቀረው ውሃ

የድምፅ ማጉያ ሲከፈት፣ ገና ሰው ሳይናገርበት የሚያወጣው ያ ሲጥ የሚል ጩኸት የትም ከተማ ብሰማው ወዳደግኩባት ከተማ ወደ መካነ ሰላም ይመልሰኛል፤ ከጩኸቱም ቀጥሎ የሰበካ ጉባኤያችን ሰብሳቢ የአቶ ግዛው ጉሮሮ ጠረጋ ይመጣብኛል። አቶ ግዛው ገበያው መሐል የጨርቅ ሱቅ የነበረው፣ በየበዓሉ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ከካህናቱ ቀድሞ የሚቆም፣ ለቤተ ክርስቲያን ግን አንድ ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ነበር። ልጅ ሳለሁ «አንቱ» እለው ነበር፤ አሁን አንቱታውን መልሼ ወስጃለሁ።

ማጉያውን ለቤተ ክርስቲያኑ ያመጣችው የእናቴ ታናሽ እህት ዘነበች ነበረች። ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል ደላላው በሙስሊም ስም ቶሎ ይሳካል ብሏት፣ ፓስፖርቷ ላይ ዘይነብ ተብላ፣ ስድስት ዓመት የሰው ቤት አገልግላ፣ በሐምሌ ጭቃ በአቀስታ በኩል ከሚመጣው አውቶቡስ ወገቧን ይዛ ወረደች። ከትልቁ ሻንጣዋ ለእኛ ልብስ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ማጉያው ወጣ፤ እኔም አኮረፍኩ። በዚያ ክረምት ዝናቡ ጋብ ባለ ጠዋት ሁሉ ሄዳ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ትጠርግ፣ ከእናቴና ከሠፈሩ ሴቶች ጋርም ከምንጭ ውሃ ትቀዳ ነበር፤ እናቴ ስለ ወገቧ ስትጨነቅ «አብሽሪ፣ ደስ ብሎኝ እኮ ነው» እያለች ጀሪካኑን ታዝል ነበር።

መስከረም ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አቶ ግዛው ያንኑ ማጉያ ይዞ ቆመና ለሪያል ብለው ስማቸውን የሸጡ ሰዎች፣ ሃይማኖቱን ክዶ የተመለሰ ሰው የሚጠመቀውን የቄደር ጥምቀት በሕዝብ ፊት እስኪጠመቁ ድረስ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ እንዳይነኩ አወጀ። ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እሷን አየ። ማስረጃው የፓስፖርቷ ስምና «ወላሂ» ስትል መሰማቷ ነበር፤ በወሎ ምድር ወላሂ የማይል ክርስቲያን የት እንዳየ እንጃ፣ ራሱ አንድ ክንድ አቡጀዲ ወላሂ ሳይል ሸጦ አያውቅም። ቄሳችን ቄስ ዓለሙ እውነቱን ያውቁ ነበር፤ ዘነበች ዓረብ አገር ሳለች ጾም የሚገባበትን ቀን በስልክ የምትጠይቀው እሳቸውን ነበርና። ሆኖም ሰብሳቢውን ስለሚፈሩ መስቀላቸውን እያገላበጡ ዝም አሉ። በማግስቱ እንደ ልማዷ መጥረጊያዋን ይዛ ብትሄድ አቶ ግዛው ከእጇ ነጥቆ ከአጥሩ ወዲያ ወረወረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከበሩ ውጭ ቆማ ጸልያ ትመለስ ነበር።

የደብራችን ንግሥ ኅዳር ላይ ነው። ከየገጠሩ የሚመጣው ሕዝብ የሚጠጣውን ውሃ ቀድተው የሚያቀርቡት እነዚያው ሴቶች ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን ተሰልፈው ከምንጭ መጥተው በሩ ጋ ሲደርሱ፣ እናቴ ዘነበች ከቆመችበት ጎን ጀሪካኗን አውርዳ ተቀመጠች፤ ከኋላዋ ያሉትም አንድ በአንድ እያወረዱ ተቀመጡ። አቶ ግዛው እየተቆጣ መጥቶ ምን መሆናቸውን ጠየቀ። እናቴ በቤታችን ውስጥ እንኳ ድምጿ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜም ከፍ አላደረገችውም።

«ዘነበች ከገባች ውሃው ይገባል፤ ካልገባች ግን ምንጩን እናንተም ታውቁታላችሁ» አለችው።

የሰይጣን ሥራ ነው አለ፣ አድማ ነው አለ፣ ሁለት ጎረምሶችም ወደ ምንጩ ላከ፤ ጎረምሶቹ ግን እናቶቻቸው ከተቀመጡት መካከል ስለነበሩ ጥግ ይዘው ቀሩ። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ልብሴን ለብሼ ከመዘምራኑ ጋር ከአጥሩ ውስጥ፣ ከእነሱ ጥቂት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። አጠገቤ ያለችው ልጅ «ያቺ መሐል ያለችው አክስትሽ አይደለችም?» ስትለኝ፣ ሰብሳቢው እንዳይሰማ ፈርቼ «ጎረቤታችን ናት» አልኳት።

ፀሐይዋ በርትታ ሽማግሌዎቹ ውሃ መጠየቅ ሲጀምሩ ቄስ ዓለሙ ብቻቸውን ወጡ፤ አንዱን ጀሪካን አንስተው ለዘነበች አስያዟት።

«ግቢ ልጄ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያኔ መናገር ነበረብኝ» አሏት።

መስቀሉን ተሳልማ ገባች፣ ሴቶቹም ተከተሏት። አቶ ግዛው ወዲያው ማጉያውን አንስቶ የጠፋችው በግ በእኛ ምክር ተመልሳለችና እልል በሉ አለ፤ ሕዝቡም እልል አለለት። ብዙ ዓመት ሰብሳቢ ሆኖ ቆየ። የገዛ ልጁ ፋጡማ ተብላ ቤይሩት የሄደች ሰሞን ስለ ስደተኞች ልጆቻችን ጸልዩ ሲል ሰማሁት፤ ቄደር የሚባል ነገር ትዝም አላለው።

አምና ለንግሡ ሄጄ ነበር። አሁን ግቢው ውስጥ ቧንቧ ገብቷል፣ ከምንጭ የሚቀዳም የለም፤ አቶ ግዛው አርጅቶ ከፊት ወንበር ተሰጥቶታል፣ ሰው ጎንበስ እያለ ጉልበቱን ይስማል። እኔ ሰላም ሳልለው አልፌ ዘነበችን ከሴቶቹ ጋር ቆማ አገኘኋትና፣ ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን፣ ያን ቀን ለዚያች ልጅ ያልኳትን ነገርኳት።

«ሰምቼሻለሁ እኮ» አለችኝ፤ «ልጅ ነበርሽ።» ከዚያ የልጆቼን ጤንነት ጠየቀችኝ።

ያኔ ግዛውን እፈራው ነበር፣ ዛሬ እንቀዋለሁ፤ በሁለቱም ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የማየው እሱን ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መቅደሱ ዞረች።