ትብለጥ ያልፈረመችው ውል

ወረቀቱን በበሯ ሥር ተወርውሮ ያገኘችው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በፈረንጆች 1996፣ በመስከረም። ትብለጥ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ፣ ባለ አራት ፎቅ አፓርትመንት ላይ፣ ከልጇ ከዮዳሄ ጋር መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በየዓመቱ ሊዟን፣ የኪራይ ውሏን፣ ታድሳለች፤ ቢሮ ትገባለች፣ ትፈርማለች፣ የራሷን ቅጂ ይዛ ትወጣለች። የዘንድሮው ወረቀት ግን «በአምስት ቀን ውስጥ ያልፈረመ ቤቱን እንደለቀቀ ይቆጠራል» ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ ይፈርም ነበር። ትብለጥ ግን አዲስ አበባ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ታይፕ የመታች ሴት ናት። ሳያነብ ፈርሞ ቤቱን ያጣ ስንቱ ሰው በፊቷ አልቅሷል! እዚህ አገር የሆቴል አንሶላ ብታጥፍም ዓይኗ ያው የመዝገብ ቤት ዓይን ነው። መነጽሯን አደረገች፣ መዝገበ ቃላቷን አጠገቧ ዘረጋች፣ ሦስቱን ገጽ መስመር በመስመር ለቀመችው።

እያነበበች ደሟ ፈላ። የዓመቱ ውል ቀርቶ በየወሩ የሚታደስ ሆኗል። አከራዩ ሲያሻው በአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ ያስወጣል። ማሞቂያ ቢበላሽ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ፣ የሚያሠራው ተከራዩ ነው።

ፊት ለፊቷ የምትኖረውን አሜሪካዊት ነርስ በሯን አንኳኩታ ያንቺን አሳዪኝ አለቻት። የነርሷ ውል እንደ ወትሮው የአንድ ዓመት ነው፤ የአምስት ቀን ማስፈራሪያም የለበትም። ከዚያ በየፎቁ ዞረች። አዲሱ ወረቀት የደረሳቸው ኢትዮጵያውያንና የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ምድር ቤት ጋሼ ወንድሜነህ አሉ። አገር ቤት የሒሳብ መምህር የነበሩ፣ አሁን ፓርኪንግ የሚጠብቁ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ደረሰዎት?»

«ትናንት ደርሶኝ ትናንትናውኑ ፈረምኩ።»

«አነበቡት?»

«ምን አነበዋለሁ ልጄ? ሰው አገር ተቀምጦ ክርክር ምን ያደርጋል። ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«እሱስ አይነቅዝ ይሆናል» አለች ትብለጥ፤ «ሰውን ግን ከቤቱ ይነቅላል።»

ቤቷ ተመልሳ የዱሮውን ውል ከቁም ሳጥን አወጣች። ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ አነበበችው፦ ከሁለቱ ወገን አንዱ ውሉ ከማለቁ ስልሳ ቀን በፊት በጽሑፍ ካላስታወቀ፣ ውሉ እንደነበረ ለአንድ ዓመት ይራዘማል። ሊያልቅ የቀረው ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ነው፤ ማንም ምንም አላስታወቃትም። እንግዲያ ሊዟ በራሱ ጊዜ ተራዝሟል!

ሰኞ ከሥራ አስፈቅዳ የአከራዩ ቢሮ ገባች። የሕንጻው ማናጀር ከወንበሯ ቀና ሳትል ብዕር ዘረጋችላት።

«አልፈርምም። አንቀጽ ዘጠኝን አንብቢው» አለቻት ትብለጥ።

ማናጀሯ ሳቅ አለች። «እንግሊዝኛሽ ይህን ለመረዳት አይበቃም። ልጅሽን ላኪልኝ፣ ለእሷ አስረዳታለሁ።»

ትብለጥ ጆሮዋ ጋለ። ሕፃን ልኮ የሚያስጠይቅ ሰው አድርጋ ስትቆጥራት! «ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ውሉ ላይ ያለው የእሷ ፊርማ አይደለም፣ የእኔ ነው። መልስሽን በጽሑፍ ስጪኝ።»

አልሰጠቻትም። ወሬው ግን ሕንጻውን ዞረ። ትብለጥ ልብስ ልታጥብ ላውንድሪ በወረደች ቁጥር ሰው ይከባታል። «ሊዙ ካለቀ በማግሥቱ ያስወጡኛል?» «ካልፈረምኩ እቃዬን ውጭ ይጥሉታል?» «ኪራይ መቀበላቸው ውሉን ማራዘም ነው?» ሂክማ የምትባል የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ «ለባሌ ሳልነግር ብፈርምስ?» ብላ ጠየቀቻት። ትብለጥ የምታውቀውን ትመልሳለች፤ የማታውቀውን በማስታወሻ ጽፋ፣ የካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ የተከራዮች ቢሮ ሄዳ ጠይቃ ትመጣለች። ለሁሉም የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «የዱሮ ውላችሁን ፈልጉ። ሳታነቡ እጃችሁ ብዕር እንዳይነካ።»

አሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ አንድ ላይ አመለከተ። በጥቅምት በካውንቲው አስታራቂ ፊት ሲቀርቡ ማናጀሯ አልመጣችም፤ ጠበቃ መጣ። ጠበቃው ሁለቱን ዓይነት ወረቀት ጎን ለጎን ሲያይ ላብ ላብ አለው። «የጽሕፈት ስህተት ነው» አለ።

«ስህተት ሰው መርጦ አይደርስም!» አለች ትብለጥ፣ ተነሥታ።

ያልፈረሙት ሁሉ ሊዛቸው ለዓመት ተራዘመ። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን ማንም የለም። ማናጀሯም ከቢሮዋ ንቅንቅ አላለችም።

ጋሼ ወንድሜነህ ግን ፈርመዋል። ማሞቂያዬን ሥሩልኝ ብለው በጠየቁ በሳምንቱ የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ አስታራቂው ሳይቀመጥ ወጡ። የካውንቲው ሠራተኛ ትብለጥን «ፈርመው፣ በፈቃዳቸው ለቀዋል» አላት።

«በፈቃዳቸው!» መንገዱን ሁሉ ይህን ቃል እያላመጠች በሜትሮ ባቡር ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ወረደች። ሽማግሌው ልጃቸው ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። መጻሕፍታቸው በካርቶን እንደታሰሩ ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል።

«ተይው ልጄ» አሏት። «እናንተ ዳናችሁ፣ ይበቃል።»

«አይበቃም፣ ጋሼ። የሰጡዎትን ወረቀት ሁሉ ያምጡ፣ ከነፖስታው።»

ለካውንቲው ለማስገባት ታይፕ አድርጋ የመጣችውን አቤቱታ አነበበችላቸው። መሐል ላይ አስቆሟት። «ማሞቂያው የተበላሸው ማክሰኞ አይደለም፣ ሐሙስ ነው» አሉ፣ እንደ ዱሮ መምህር ጣታቸውን አንሥተው። ትብለጥ አረመችው። ከዚያ ራሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና ፈረሙ።

እስከ ፋሲካ ከካውንቲው መልስ አልመጣም። ትብለጥ ሁለተኛ ደብዳቤ በሪኮማንዴ፣ ተቀባዩ ፈርሞ በሚረከበው ፖስታ፣ ላከች።