ከራስ ሥጋ የወጣ

አባቴ በቡሬ አቅራቢያ የገጠር ቄስ ነበሩ። እኔ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቡሬ ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት አንገታቸው ሥር እጢ ወጣ። ፍኖተ ሰላም ወስጄ ያሳየኋቸው ሐኪም እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ጊዜው እንዳለፈ ነገረኝ። አገሬው ግን የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪዋ በልታቸዋለች ተባለ። አባቴም አመኑ። እናቴ ከእሷ የገዛችውን እንስራ ሁሉ ደጅ አውጥተው ሰባበሩ፤ ቤታችን ውኃ በቆርቆሮ መያዝ ጀመረ። ቄሱ ያደረጉትን መንደሩ ተከተለ፤ ሴትዮዋ ገበያ የወሰደችውን መልሳ ተሸክማ ትገባ ነበር። ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ።

አንድ የገበያ ቀን ቡሬ ሲመጡ ትምህርት ቤት አስገባኋቸው። ያለችንን አንዲት ማይክሮስኮፕ አውጥቼ የሽንኩርት ልጣጭ አሳየኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ብቻ መጨፈን ስላቃታቸው በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት። ብዙ ቆዩ።

"ክፍል ክፍል ነው" አሉ።

መጀመሪያ ያየው ፈረንጅ የመነኮሳት በዓት መስሎት በዚያው ስም ሴል ብሎ እንደጠራው ነገርኳቸው። ደስ አላቸው።

"አዲሱን በዓት ማን ይሠራዋል፣ አንች ልጅ?"

"ማንም አይሠራውም፣ አባባ። አንዱ ሴል ራሱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሌላ መነሻ የለውም። የእኛም ሥጋ እንዲሁ ነው።"

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። "ይኸስ?"

"እሱም ከራስዎ ሥጋ የወጣ ነው። ማቆሚያ አጥቶ ነው የሚያድገው። ከውጭ የገባ የለም።"

"እንግዲያ ያች ሴት..."

"ምንም አላደረገችም።"

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴትዮዋን የበደሉት እሳቸው እንደሆኑ በሕዝቡ ፊት ተናገሩ። ከዚያ እኔን አስከትለው ወደ ቤቷ ሄዱ። በሩ በእሾህ ተዘግቷል፤ ሸክላ የምትተኩስበት ጉድጓድ አመዱን እንኳ ዝናብ መቶታል። ልጆቿን ይዛ የት እንደሄደች የሚያውቅ አልተገኘም። ወደዚያ ቤት ማየት ከተውን ቆይተን ስለነበር ስትወጣ ያያት የለም።

እጢው ጉሮሯቸውን ሲያጠብ ከውኃ በቀር የሚወርድላቸው ጠፋ። አንድ ቀን በጣሳ ሰጠኋቸው። ጎንጨት አሉ።

"ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይለኛል" አሉ። "የሷ እንስራ ያቀዘቅዝ ነበር።"

ከገበያ ሌላ እንስራ ልግዛልዎት ብላቸው እንቢ አሉ። ጣሳውን ከእጄ ወስደው ቀስ እያሉ ጨረሱት።