አባቴ ብስክሌት ላይ ሞተር የገጠመበት በጋ

ካርቶኑን ከጠረፏ ከተማ ከኩርሙክ ያመጡት ሀጂ ናቸው። ሀጂ የአባቴ የቅርብ ወዳጅ፣ ጠረፍ ድረስ እየተመላለሱ የሚነግዱ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ከአባቴ ጋር የተዋወቁት እኔ ሳልወለድ፣ አንድ መስጊድ ሲሰግዱ ነው። እኔ አሶሳ ከተማ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው የሠፋሪዎች አምባችን፣ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። የዚያን ቅዳሜ ስደርስ ሁለቱ ግቢው ውስጥ በርከክ ብለው፣ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው፣ ብረታ ብረቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ አድርገው ሲያዩት አገኘኋቸው።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሞተር» አለ አባቴ ቀና ሳይል። «ለብስክሌቱ።»

ብስክሌቱን አውቀዋለሁ። ሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶት የሄደና በሀጂ በኩል እኛ ቤት የገባ ነው። እንደለመድነው ቀጭን ብስክሌት አይደለም። ጎማው ወፍራም፣ መሪው እንደ በሬ ቀንድ ወደ ጎን የተንሰራፋ፣ ኮርቻው ሰፊ ነው፤ የሚነዳው ሰው በረንዳ ላይ ወንበር ይዞ የተቀመጠ ይመስላል። ፍሬኑ ደግሞ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ነው የሚይዘው። አባቴ በሱ ገበያ ይሄድበታል፣ የማሽላ ጆንያ ይጭንበታል፣ ዳገት ሲመጣ ወርዶ ይገፋዋል።

የገረመኝ ሞተሩ አልነበረም፤ አባቴ ሞተር መፈለጉ ነው። አባቴ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከእናቱ ጋር ከወሎ በሠፈራ የመጣ ገበሬ ነው። ከማሽን ጋር ፍቅር ኖሮት አያውቅም። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ «ሞተች» ብሎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣትና እኔ እስክመጣ አይነካትም። ለምን እንደፈለገው ስጠይቀው ጉልበቱ እንደደከመ ነገረኝ። አላመንኩትም። ገበያው ቅርብ ነው፣ ባጃጁም መዓት ነው። ግን አልጨቀጨቅሁትም፤ እናቴ ካለፈች ወዲህ አባቴ አንድ ነገር ሲፈልግ ያየሁት ያን ዕለት ነበርና ፍላጎቱን በጥያቄ ማባረር ፈራሁ።

ካርቶኑ ውስጥ ትልቅ ፓፓያ የሚያህል ሞተር፣ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላት ጥቁር የቤንዚን ጋን፣ ማርሚታ የሚሉት የጭስ ማውጫ፣ ሰንሰለት፣ ጥርስ ያለው ክብ ብረትና ብዙ ብሎን ነበረ። እንዴት እንደሚገጠም የሚያሳይ ወረቀት አልነበረውም። ካርቶኑ ላይ ብቻ አንድ ወጣት ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ የሚያሳይ ፎቶ አለ፤ እግሩ ደግሞ ሞተሩ ከብስክሌቱ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ልክ ሸፍኖታል።

ሀጂ ካርቶኑን ወደ እኔ ገፉት። «አንተ የተማረ ነህ፣ ሹፍ፣ እይ» አሉኝ። ሀጂ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው፤ ሴት ብሆንም ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አንተ» ነው የሚሉኝ፣ እኔም ከሳቸው ሌላ አጠራር አልጠብቅም። የተማርኩት መድኃኒት እንጂ ሞተር እንዳልሆነ ነገርኳቸው። እሱም ቢሆን ከነሱ እንደሚሻል ተስማሙና ቀሚሴን ሰብስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሦስታችንም አናውቅም ነበር። ስለዚህ ማንም ማንንም አላሳፈረም። አንዳችን ብረት አንስተን «ይሄስ የት ይገባል?» እንላለን፣ ሌላው ይሞክራል፣ እምቢ ሲል ይመልሰዋል።

መጀመሪያ ያስቸገረን የብስክሌቱ አጥንት ውፍረት ነው። ሞተሩ የሚታሰርበት ማቀፊያ ለቀጭን ብረት የተሠራ በመሆኑ የኛን አላቅፍ አለ። አባቴ ወደ ጎተራው ሄዶ ሞፈርና ቀንበር የሚያስርበትን ጠፍር ይዞ መጣና ሞተሩን ጥፍር አድርጎ አሰረው። ሲነኩት አይነቃነቅም። ደስ አለው። በማግስቱ ጠፍሩ ተለጥጦ ላልቶ፣ ሞተሩ እንደ ወላለቀ ጥርስ ሲወዛወዝ አገኘነው። ሀጂ ከቤታቸው የተሰበረ የሽቦ አልጋ ጠፍጣፋ ብረት አመጡ። በመዶሻ አጠፍነው፣ ብየዳ ቤት ወስደን በሳነው፣ ከሥሩ አሮጌ የጎማ ላስቲክ አስገብተን በብሎን አሰርነው። ያዘ።

ከዚያ ጥርሳሙ ክብ ብረት ተራ ደረሰ። እሱ ከኋላ ጎማ ሽቦዎች ጋር ይታሰራል፤ የሞተሩ ሰንሰለት የሚያዞረው እሱን ነው። ከመሃል ትንሽ እንኳ ከሸሸ ጎማው ሲዞር ሰንሰለቱ አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይላላል። ብስክሌቱን ገልብጠን አቆምነው። እኔ አንድ የጤፍ ጭድ ከብረቱ ጫፍ አጠገብ ያዝኩ፤ አባቴ ጎማውን ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ጭዱን የነካበት ቦታ ላይ ሀጂ ብሎኑን ያጠብቃሉ፣ በተቃራኒው ያላላሉ። «ሹዋያ፣ ሹዋያ» ይላሉ፣ ቀስ በቀስ ማለታቸው ነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ እስክትል በዚሁ ዋልን። በመጨረሻ ጎማው ዞሮ ዞሮ፣ ብረቱ ጭዱን ሳይነካ ቆመ።

አንድ ቅዳሜ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቼ የእሳት ብልጭታውን ለአባቴ ላሳየው አሰብኩ። ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስጠግቼ ይዤ ሀጂ ጎማውን እንዲያዞሩ ነገርኳቸው። ጫፉ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ጠቅ አለች። አባቴ ወደ ጥላው ስቦኝ እንደገና እንድናሳየው ጠየቀ። ባትሪ የለውም፤ ክብሪት የለውም፤ እሳቱ ከየት መጣ? ውስጡ ማግኔት እንዳለ፣ ማግኔቱ በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲዞር ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር፣ ጉባ ያለው ትልቁ ግድብም በመሠረቱ የሚሠራው እንደዚያው እንደሆነ ነገርኩት።

«እንግዲያ ውኃው የኛ እግር ነው» አለ ካሰበ በኋላ።

አዎ አልኩት። ሙሉ ቀን ሲያስበው ዋለ።

ቤንዚን ያን ሰሞን እንደልብ አይገኝም ነበር። ሀጂ መንገድ ዳር በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡት ገዝተው አመጡ። ይሄ ሞተር ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚጠጣው፤ ዘይቱ ካነሰ ይቃጠላል፣ ከበዛ ይታፈናል። ከመድኃኒት ቤት ባመጣሁት ትልቅ የመርፌ ስሪንጅ ዘይቱን ለክቼ ቀላቀልኩ። ከተሰጠኝ ሥራ ሁሉ በእርግጠኝነት የሠራሁት ያን ብቻ ነው።

የማስነሻው ቀን አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። አነሳሱ እንዲህ ነው፦ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን በግራ እጅ ጨብጦ ፔዳል ይመታል፤ ሲፈጥን ይለቀዋል፤ ያኔ ጎማው ሞተሩን ያስነሳል። መታ፣ ለቀቀ፣ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ብስክሌቱ ቀጥ አለ። ደግሞ ሞከረ። ሸሚዙ በላብ ራሰ። ሀጂ ጎንበስ ብለው ሲያዩ የጋኑ ቧንቧ ተዘግቷል። ከፈቱት። በሚቀጥለው ሙከራ ሞተሩ ተንጫጫ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ፣ አባቴም በአጥሩ መውጫ ሾልኮ ሄደ።

ሄዶ ተመለሰ። ግን አልቆመም። ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር፣ ፍርሃትና ደስታ የተቀላቀለበት። በፊታችን አለፈ፣ በቤቱ ዞረ፣ ደግሞ አለፈ። ለካ ማቆም ጠፍቶት ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ ይረግጣል፣ ፍሪሲዮኑን ግን አልጨበጠም፤ ሞተሩና ፍሬኑ ይታገላሉ። ሀጂ «ኸላስ! ኸላስ! በቃ!» እያሉ ተከተሉት። በመጨረሻ የማሽላ አገዳ አጥር ውስጥ ገብቶ ቆመ። ስንደርስ አገዳው መሃል ተቀምጦ ይስቃል። ክርኑ ተፍቋል። አልኮል ላመጣ ስል እጄን ያዘኝና ዳገቱን ከብስክሌቱ ሳይወርድ እንደወጣው ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ልምምዱ አምባው ውስጥ ነበር። ሚያዝያ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ስመጣ ቤቱ ተዘግቷል፤ ብስክሌቱ የለም። ስልኩን ብደውል መደርደሪያው ላይ ሲጮህ በመስኮት ሰማሁት። ሀጂ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ከሱብሂ ሶላት በኋላ መጥቶ ጎማውን እንዳስነፋ፣ ተጨማሪ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ አስሮ ወደ ባምባሲ አቅጣጫ እንደሄደ ነገሩኝ። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። ደነገጥኩ፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ገና ጥቂት ጊዜው ነው፣ የጭነት መኪኖችም ይበራሉ። ሀጂ ጥምጥማቸውን አስተካክለው አብረውኝ ወጡ።

ወደ ባምባሲ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍረን ሁለታችን በሁለት መስኮት ወደ ውጭ እያየን ሄድን። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ከአንዲት ትንሽ ድልድይ አለፍ ብሎ ያ እንደ በሬ ቀንድ የተንሰራፋ መሪ ታየኝ። ብስክሌቱ ግንድ ተደግፎ ቆሟል። አባቴ ማንጎ በሳህን ደርድራ ከምትሸጥ፣ በሱ ዕድሜ ካለች ሴትዮ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ወርደን ስንሄድበት አልደነገጠም። ለምን እንደመጣን እንኳ አልጠየቀም፤ እንድንቀመጥ ቦታ ለቀቀልን።

«እዚህ ይመስለኛል» አለኝ።

«ምኑ?»

ያን ጊዜ ነገረኝ። ከወሎ ሲመጡ ሸራ በለበሰ የጭነት መኪና ነበር። ሸራው ስለሚወርድ መንገዱን አያዩም፤ ከየት ወደ የት እንደሚሄዱ የሚያውቅ ሰው አብሯቸው አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ መኪናው ቆመና ሸራው ተገለጠ። ከፊቱ ወንዝና ዛፍ አየ። የአገሬው ሰዎች ውኃ ይዘው መጡ፤ አንዷ ልጅ ቢጫ ፍሬ እጁ ላይ አኖረችለት። በሕይወቱ ማንጎ አይቶ አያውቅም። ቀምሶ ሳይጨርስ መኪናው ተነሳ፣ ሸራው ወረደ። ከዚያ ጉዞ የሚያስታውሰው የብርሃን ቦታ ያ ብቻ ነው። ለዓመታት በዚህ መንገድ በአውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ያንን ቦታ በመስኮት ይፈልጋል፤ አውቶቡስ ግን አይቆምለትም፣ ዓይኑ ሳይጠግብ ያልፋል። በብስክሌት እንዳይሄድ ሩቅ ነው፤ ሞተር የተገጠመለት ግን የፈለገበት ይቆማል። ከጠዋት ጀምሮ ድልድይና ማንጎ ባየበት ሁሉ እየቆመ ነበር የመጣው።

ሀጂ ለሴትዮዋ በኦሮምኛ «አካም» ብለው ሰላምታ ሰጥተው አባቴ ያለውን ተረጎሙላት። እሷ አማርኛም ትሞክራለች። በዚያን ጊዜ ልጅ እንደነበረች፣ መኪኖቹ እዚህም፣ ወንዝ ባለበት ሁሉም ይቆሙ እንደነበር፣ ለማን ምን እንደሰጠች እንደማታስታውስ ተናገረች። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ያልጠበቀው መልስ አይመስልም። ከዚያ እሷ በተራዋ አንድ የምትጠይቀው ነገር እንዳለ ነገረችን።

«እናንተ» አለች፣ ወደ አባቴ ጠጋ ብላ፣ «ማንጎውን ለምን ከነልጣጩ በላችሁ? እኛ ልጆች ሆነን ሁልጊዜ ይሄን እናወራ ነበር። አገራችሁ እንደሱ ነው የሚበላው?»

አባቴ አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «አናውቀውማ፣ እትዬ» አላት። «እንዴት እንደሚበላ አናውቅም። የውስጡንም ፍሬ ልንነክስ ብለን ጥርሳችን ተነቀለ።»

ሀጂ ሳይተረጉሙላት ገባት። ሁለቱም ሲስቁ ሀጂና እኔ እንተያያለን። ሴትዮዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ከሳህኑ የበሰለውን መርጣ፣ በቢላ ልጣ፣ ለአባቴ ሰጠችው። ያቺ ልጅ እሷ ትሁን ሌላ፣ ድልድዩ ይሄ ይሁን ሌላው፣ ማወቅ አልተቻለም። አባቴም ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

ሲመለስ ብስክሌቱን ሚኒባሱ ጣራ ላይ እንድንጭን ለመንኩት። እምቢ አለ። እኛ በሚኒባስ ስንከተለው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ብሎን ወልቆ ማርሚታው ተንጠልጥሎ ሲያንቋርር ደረስንበት፤ በሽቦ አሰርነውና ቀጠለ። ቤት ሲገባ ፊቱ አቧራ ብቻ ነበር። ውኃ እያፈሰስኩለት ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት።

«አያትሽ ስለ መኪናው ሲወራ ታለቅስ ነበር» አለ። «እሷ ፊት ዝም ማለት ለመድን። እሷ ከሞተች በኋላ ደግሞ ዝምታው አብሮን ቀረ፣ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ።»

ዝናቡ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ እኔም እንድሞክረው ጠየቅሁት። ሱሪ ለብሼ መጣሁ። ፍሪሲዮኑን መቼ እንደምለቅ እየነገረኝ ትንሽ አብሮኝ ሮጠ፣ ከዚያ ድምፁ ከኋላዬ ቀረ። ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ሄድኩ። ይህን መንገድ በየሳምንቱ በባጃጅ እመላለስበታለሁ፤ ግን ከመንገዱ ግራ አንድ ትንሽ ምንጭ መኖሩን አላውቅም ነበር። ፍሪሲዮኑን ጨበጥኩ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጥኩ፣ ብስክሌቱ ቆመ። ምንጩ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ቀና ብላ ሞተሩ ተበላሽቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አልተበላሸም» አልኳት። «ምንጩን ላይ ብዬ ነው የቆምኩት።»