የሚያንሾካሹኩ መስሎኝ

መጀመሪያ ማጉተምተም የጀመረው ባለቤቴ ነው። ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ልጄ፣ የሆነ ነገር ስጠይቃት ታልጎመጉምብኛለች። "አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ!" እላታለሁ። "ተናገርኩ እኮ እማዬ!" ትለኛለች፤ እሱንም በከንፈሯ።

ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ የመጋረጃ ጨርቅ የምሸጥበት ሱቅ ደግሞ ባሰ። ፊት ለፊቴ የምትነግደው ጎረቤቴ፣ ስንት ዘመን አብረን ምሳ የበላን ሴት፣ ከደንበኞቿ ጋር ሹክሹክታ አበዛች። የምታማው እኔን ነው አልኩ። ምሳዬን ለብቻዬ መብላት ጀመርኩ።

አንድ ረፋድ ጥቅል ጨርቅ ታቅፌ መንገዱን ስሻገር ከኋላዬ የሆነ ሰው ሲያጉረመርም ሰማሁ። ኑሮ ያማረረው ነው ብዬ ዞር ብዬም አላየሁት። በዚያው ቅጽበት ጎረቤቴ ከሱቋ ዘላ ወጥታ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ተያይዘን ከግድግዳው ጋር ተላተምን። ብረት የጫነ ጋሪ እኔ በነበርኩበት በኩል ቁልቁል ተምዘግዝጎ የመብራት ምሰሶ ላይ ተከሰከሰ።

የጋሪው ባለቤት እየሮጠ መጣ። ላብ አጥምቆታል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ወደ ጆሮዬ የሚደርሰው ግን ያው ጉርምርምታ ነው።

"ምንድን ነው የሚለው?" አልኳት ጎረቤቴን።

"'ጋሪው አመለጠኝ፣ ዞር በይ እያልኩ ስጮህ አትሰሚም ወይ?' ነው የሚልሽ። መንገዱ ሁሉ ጮኸ እኮ!"

"እሱ እየጮኸ ነበር?"

ትክ ብላ አየችኝ።

"እህቴ፣ እኔም አሁን እየጮህኩብሽ ነው።"

ጨርቁ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ውሃ ያመጣችልኝ እሷ ናት።

"ስንት ጠዋት ሰላም ስልሽ ዝም ስትይኝ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነበር" አለችኝ፣ አፏን ጆሮዬ ላይ ደቅና።

ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝም እሷው ናት። ሁለቱም ጆሮዎቼ ከደከሙ ቆይተዋል አለ። ትንንሽ የመስሚያ መሣሪያዎች አደረገልኝና በታክሲ ተመለስን። አውቶቡስ ተራ ስንወርድ የረዳቶቹ ጥሪ፣ ጥሩምባው፣ የተሸካሚው ጩኸት በአንድ ላይ ወረደብኝ። ክንዷን ጨምድጄ ያዝኩ።

"ምን ተፈጠረ? ምን ሆነው ነው?"

"ምንም አልሆኑም" አለችኝ። "ገበያ ነው።"