በር አጠገብ የሚቀመጠው ተማሪ

ከሥራ መልስ በሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ላይ የዘበኛ ልብሱን ሳይቀይር የሚመጣው ሰውዬ ሁልጊዜ በር አጠገብ ይቀመጣል። ተራው እስኪደርስ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያሸዋል።

“ጋሼ፣ እዚህም በር ይጠብቃሉ እንዴ?” ይሉታል ወጣቶቹ።

“እዚህስ እኔን የሚጠብቀኝ በሩ ነው” ብሎ አብሯቸው ይስቃል።

ጥርሱ እንጂ ልቡ አይስቅም። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሟ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ የምታስተረጉመው ሴት ልጁ ናት። ሐኪሙ ብዙ ይናገራል፤ ልጅቷ ግን መሬት መሬት እያየች፣ “አባዬ፣ ደህና ናት ነው የሚለው” ብቻ ትላለች። ይህች አጭር ትርጉም እንቅልፍ ነስታዋለች። ዝናብ እንኳ ከክፍል የማያስቀረው ለዚህ ነው።

ዛሬ መምህርቷ ከቴፕ አንድ የእንግሊዝኛ ንግግር አሰምታ ምን እንደሚል እሱን ጠየቀችው። የሰማውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር በአማርኛ ተናገረ።

“ጎበዝ ጋሼ፤ ከእንግዲህ አስተርጓሚ አያሻዎትም” አለችው።

ክፍሉ አጨበጨበ። የእሱ ፊት ግን አመድ መሰለ። ሐኪሙ ስለ ሚስቱ ሊያነጋግረው የቀጠረው ለነገ ነው።

“ጌታዬ፣ ጆሮዬን ክፈትልኝ” እያለ ሲጸልይ የከረመው ሰው፣ ደረጃውን ሲወርድ፣ “ጆሮዬንስ ከፈትክልኝ፤ አሁን ደግሞ ልቤን አበርታልኝ” አለ በለሆሳስ።